«ኢን ዮር ፌስ» የተማርኩበት ክረምት

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፈና ወደ እኛ ዞሮ፣ «ይሄን የሚያውቅ አለ?» አለን። ኢን ዮር ፌስ። አምስት ኪሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን። ሁላችንም ከሥራ የመጣን ነን፤ ግማሹ ጫማው ረጥቧል፣ ግማሹ እንቅልፍ ይዞታል። የሚያውቀው አልተገኘም። አንድ የባንክ ጥበቃ፣ «ፊትህ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው መሰለኝ» አለና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ተሳቀ።

«አይደለም» አለ አስተማሪው። «አንድ ሰው አለ እንበል። እንዳላየህ ልታልፈው ብትፈልግ አያሳልፍህም። አፍንጫህ ሥር መጥቶ ይጮኻል፣ ይጎትትሃል፣ እዩኝ እዩኝ ይላል። ማስታወቂያም ሊሆን ይችላል፣ ዘፈንም፣ ልብስም። እንዲህ ላለው ነገር ነው የሚሉት።» ከዚያ በአማርኛ ምን እንደምንለው ጠየቀን። አንዷ «ዐይን አውጣ» አለች። ሌላው «ዐይነ ደረቅ» አለ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ደግሞ፣ «እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» ብለው ደመደሙት። አስተማሪው ራሱን ነቀነቀ። «ዐይን አውጣ ካላችሁት ሰደባችሁት። ይሄኛው ስድብ ብቻ አይደለም። ዋናው፣ ከዚህ ሰው ልታመልጡ አትችሉም።»

እያንዳንዳችን ከኑሯችን አንድ ምሳሌ እንድናመጣ አዘዘን። አንዱ የታክሲ ረዳቱን አመጣ፣ አንዱ በሞንታርቦ የሚጮኸውን የልብስ ሻጭ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የግቢያችንን ልብስ ሰፊ ተናገርኩ። የምሠራው ፒያሳ ኬክ ቤት ነው፤ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ኬክና ብስኩት እሸጣለሁ። አንድ ቀን ይቺ ሴትዮ በር ላይ ቆማ፣ ቤቱ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ «አንቺ ልጅ፣ ያ ተቅማጥሽ ቆመልሽ ወይ?» ብላ ጮኸችብኝ። ማኪያቶ የያዘ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በዚያ ቀን ከእኔ እጅ ኬክ የገዛ ሰው መኖሩን እንጃ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው «ፐርፌክት» አለኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ከንፈሬ ስቋል ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ወንድሜ ከሞተ ሳምንት አልፎታል፣ እናቴ ደግሞ አልሰማችም።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ነበረው። የእንግሊዝኛ ትምህርቱንም የሚከፍልልኝ እሱ ነበር፤ «ባንኮኒ ተደግፈሽ እንዳታረጂ» ይለኛል። ታሞ ሐኪም ቤት ገባ፤ ሳንባው ነው አሉ፤ ከገባበት አልወጣም። እዚያው ቀበሩት።

እኔ የሰማሁት በስልክ ነው። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ደወለልኝ። ለአንዲት ደንበኛ ብስኩት እየመዘንኩ ነበር፣ ስልኩን በትከሻና በጆሮዬ መካከል ይዤ። «ጠንከር በይ» አለኝ። «ወንድምሽ አልፏል። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። አፍሽን ከከፈትሽ አበቃልን።» ከዚያ የሚደረገውንና የማይደረገውን ዘረዘረልኝ። እሺ አልኩት። ብስኩቱ ግማሽ ኪሎ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ፍሬ አንሥቼ መለስኩ፣ ካርቶኑን አሰርኩ፣ ለሴትዮዋ ሰጠኋት። «በደንብ እሰሪልኝ፣ ዝናብ ነው» አለችኝ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩላት።

አጎቴን አልወቅሰውም ልል ነበር። እወቅሰዋለሁ። ሽማግሌ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መርዶ ሲኖርበት የሚጠራው እሱን ነው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ሰው ብቻውን ሳለ፣ ሥራ ላይ ቆሞ ሳለ እንደማይነገር ከማንም በላይ ያውቃል። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ። ለእኔ ጊዜ ይሄ ሁሉ ጠፋበት። ምስጢሩን አብሮት የሚይዝ ሰው ፈለገ፤ እኔን ቀጠረኝ።

የተደበቀበት ምክንያት ግን እውነት ነው፤ አልዋሽም። እናቴ የዐይኗን ሞራ ያስገፈፈችው በዚያው ሰሞን ነበር። ሐኪሙ እንዳታጎነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ በምንም ምክንያት እንዳታለቅስ ብሎ አስጠንቅቋል። ካለቀሰች ዐይኗ ሊጠፋ ይችላል። ልጇን ያጣች ሴት ዐይኗንም ትጣ? ይዳን፣ ከዳነ በኋላ ይነገራት ተባለ። እስከዚያ እኔ እንደ ወትሮዬ መሆን ነበረብኝ። ጥቁር መልበስ የለም፣ ከሥራ መቅረት የለም፣ ከትምህርት መቅረት የለም። በኬክ ቤቱ ቢጫ ሽርጥ ዋልኩ፣ ማታ አምስት ኪሎ ሄድኩ።

ከሁሉም በላይ አጎቴን ያስፈራው የእናቴ ዐይን ሳይሆን የልብስ ሰፊዋ አፍ ነው። የምንኖረው ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ አንድ አሮጌ ግቢ ነው። ዙሪያችን ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእኛ ግቢ እስካሁን አለ። የእሷ ቤት መግቢያው ላይ ነው፤ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ትውላለች፤ ሳታየው የሚወጣ የሚገባ የለም። ወሎዬ ናት። ስታናግርህ እንደ ሰው ራቅ ብላ አትቆምም፤ ትጠጋለች፣ ትንፋሿ ይሰማሃል፣ አገጭህን ትይዛለች። ልብስ ልታሰፋ የመጣችን ሙሽራ፣ «ልኩ አልተሳሳተም፣ አንቺ ነሽ የወፈርሽው» ትላለች። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ግቢውን ሊለኩ የመጡ ጊዜ ሁላችን በመስኮት ስናይ እሷ መኪናቸው ፊት ቆማ፣ «መጀመሪያ ደህና አደራችሁ በሉ» አለቻቸው። አንድ ነገር ከሰማች ማታውን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ወረኛ ሆና አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ ማስቀመጫ የላትም።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ አጎቴ። «እሷ እቤታችሁ እንዳትገባ።» እንዴት አድርጌ እንደማስቀራት ግን አልነገረኝም። በየማለዳው ሳታንኳኳ ነው የምትገባው፤ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና የሰፈሩን ውሎ ታወራላታለች።

በማግስቱ በሩ ላይ ጠበቅኳት። «እትዬ፣ እማዬ ላይ ሰው እንዳይበዛባት ሐኪሙ ከልክሏል» አልኳት። እንድትጮኽብኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ «እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሆንኩት?» እንድትለኝ። ቀረብ ብላ ፊቴን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። «እሺ» አለችኝ። ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደጃችን አልደረሰችም። ሳልፍ አቀርቅራ ትሰፋለች። መኪናዋንም ጀርባዋን ለቤታችን እንድትሰጥ አድርጋ አዙራዋለች። ከፍቷታል አልኩ፤ ተገላገልኩም አልኩ።

እናቴ ግን አልተገላገለችም። «ምን አድርጋችኋት ነው? ድምጿ ጠፋ እኮ» ትለኛለች።

«ተቀይማ ይሆናል።»

«እሷ? እሷ ቅያሜ ታውቃለች? ተሰድባ አድራ ጠዋት ክብሪት ስጡኝ የምትል ሴት ናት።»

ከዚያ ስለ ወንድሜ ትጠይቃለች። ለምን አይደውልም? ሱቅ እየቀየረ ነው እላለሁ። መስመር የለም እላለሁ። ውሸቱ ሲወጣ ምንም አይሰማኝም፤ ለደንበኛ «ክሬም ያለው አልቋል» እንደምለው ነው። አንድ ጊዜ አጎቴ ድምፁ ከወንድሜ ድምፅ የሚቀራረብ ሰው አግኝቶ ሊያስደውልላት ፈለገ። ያን ጊዜ ብቻ አሻፈረኝ አልኩ። «ይሄን ካደረግህ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አልኩት፤ ተወው።

ለቅሶው አልመጣልኝም። እንዲመጣ ሞክሬያለሁ። ኬክ ቤቱ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ፣ አሁን አልቅሺ አልኩ ራሴን። ውኃው ወረደ፣ እኔ ቆምኩ። አንዱ አንኳኳ፣ ወጣሁ። ጊዮርጊስ ቅጥር ላይ ግንባሬን አስደግፌ ቆምኩ፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ዳቦ ገዝቼ እቤቴ ገባሁ። ፎቶውን ሳይ ሸሚዙ የት ነው የተገዛው ብዬ አሰብኩ። ምናልባት አልወደውም ነበር ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። አሥር ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሲደውልልኝ የኖረ ወንድሜ ነው እኮ።

ክፉው ነገር፣ የእናቴ ዐይን በየቀኑ እየጠራ ነው። መጀመሪያ መስኮቱን አየች። ቀጥላ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን አቧራ። ቀጥላ፣ «ሸበትሽ እኮ» አለችኝ፤ ለካ ስሸብት አላየችኝም። አንድ ማታ ከትምህርት ስመለስ መብራቱ ሥር አስቀመጠችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ተመለከተችኝ። «ፊትሽ ላይ ምንም የለም» አለችኝ። «ደስታም የለም፣ ንዴትም የለም። ምን ሆነሻል?» ደክሞኛል አልኳት። «ትምህርቱን ተዪው እንዳልልሽ ወንድምሽ ይቆጣል» አለች። ራት አቀረብኩላት።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ድናለች አለ። አጎቴ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንዲነገራት ወሰነ። ለዕድሩ ሰዎችና ለዘመድ ቃል ላከ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው፤ ሰው ለመርዶ ሲመጣ መጀመሪያ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል፣ ኮቴ እንዳይሰማ፣ ከዚያ አንድ ላይ ነው የሚገባው። ግቢው መግቢያ ላይ ያለው ቤት ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ነው። «ቀድመሽ ገብተሽ ለሴትዮዋ ንገሪያት» አለኝ። «ከዚያ በሩን ዝጊና እንዳትጮኽ አፏን ያዢያት።» የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም።

ሊነጋጋ ሲል በሯን ነካሁት። ሳላንኳኳ ተከፈተ። ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ቆማለች። የስፌት መኪናዋን አንሥታ ክፍሏን ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር አስገብታበታለች፤ ከየት እንደለመነችው እንጃ። ጥጉ ላይ ውኃ የሞላ ማሰሮና ብርጭቆ ተቀምጧል። ከኋላዬ አጎቴ ከሰዎቹ ጋር ገባ። ወንበሮቹን አየ፣ እሷን አየ።

«ግቡ፣ ቀስ ብላችሁ» አለች። «ትናንት ሐኪሙ ለቀቃት ሲባል ሰምቼ ነው። ዛሬ ትመጣላችሁ ብዬ አሰብኩ።»

«አውቀሻል እንዴ?» አላት አጎቴ።

«የእህቴ ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ እዚያው ከተማ ነው የሚሠራው። ቀብሩ ላይ ቆሟል። እናንተ በሰማችሁ ቀን ነው የሰማሁት።»

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽ?»

«አፌን አውቀዋለሁ» አለች። «ስለዚህ ከደጃቸው ራቅኩ። ፊቷን ባይ አያስችለኝም ነበር።»

ሰዎቹ ተቀመጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ ተነሥተን ገባን።

እናቴ ኪዳን ልታደርስ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲገባ አልጠየቀችም። በዚያ በጠራ ዐይኗ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የአጎቴን ፊት፣ የዕድሩን ዳኛ ፊት፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። ዳኛው፣ «እንግዲህ በርቺ፣ ሁላችንም ሟቾች ነን...» ብለው ሲጀምሩ፣ «ልጄ ነው» አለች። አዎ አሏት። ወደቀች። ሴቶቹ ያዟት። ደረቷን እንድትደቃ ትተው እጇን ከዐይኗ ብቻ ያርቃሉ። «ስልኩን ሳየው ስውል፣ ልጄ፣ ስልኩን ሳየው ስውል!» ትላለች። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፣ ግቢው ተሞላ፣ እስከ መንገዱ ተሰማ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ጠበቅኩ። አሁን ይመጣል ብዬ፤ አሁን ተፈቅዶልኛል ብዬ። አልመጣም። አንዷ አክስቴ አየችኝና ጎኗ ላለችው፣ «እሷማ ቀድማ ሰምታለች፣ ወጥቶላታል» አለች። እውነትም ወደ እኔ የመጣ ሰው የለም። ሁሉም እናቴ ላይ ነው፤ ደግ አደረጉ። የሚጠጣ ውኃ አመጣሁ። ጫማ የሚያወልቁትን ጫማቸውን አስተካከልኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ፤ ንጹሑንም ጭምር።

ልብስ ሰፊዋ ተከትላኝ ገባች። ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችው።

«አንቺስ?» አለችኝ። «መርዶሽን ማን ነገረሽ?»

«አጎቴ።»

«መጥቶ?»

«በስልክ። ሥራ ላይ።»

«ማን ያዘሽ?»

ማንም አልኳት። ብስኩት እየመዘንኩ ነበር አልኳት።

እጄን ይዛ በጓሮ በኩል አወጣችኝና በረንዳዋ ላይ፣ ስትሰፋ በምትቀመጥባት ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ። ከለቀስተኞቹ ሁለት ሴቶች ጠራች፤ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ አንዷ ቀኝ እጄን፣ አንዷ ግራ እጄን ያዙ። የለበስኩትን ነጠላ ፈትታ አዘቅዝቃ መልሳ አለበሰችኝ። ከዚያ ፊቴ ፊቷን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አለች። የስፌት መኪና ዘይት ትሸታለች። ዐይኔን ወደ መንገዱ ሳዞር አገጬን ይዛ መለሰችው።

«ስሚኝ» አለችኝ። ከእሷ እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «ወንድምሽ ሞቷል።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«አታውቂም። ማን ነግሮሽ? ታመመ፣ ሐኪም ቤት ገባ፣ ሞተ። ቀበሩት። የእህቴ ልጅ በእጁ አፈር አልብሶታል። ከእንግዲህ አይደውልልሽም። ወንድምሽ ሞቷል፣ ልጄ።»

«እሺ» ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ የማን እንደሆነ ለጊዜው አላወቅኩትም። ሁለቱ ሴቶች እጄን አጥብቀው ያዙ። እሷ ግንባሯን ከግንባሬ አላነሣችም፤ እንባዬ በእሷ ጉንጭ ላይ ነው የወረደው።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ እናቴ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ለቅሶዋን ገታ አድርጋ፣ «ውጭ የምትጮኸው ልጄ ናት?» ብላ ጠየቀች። እሷ ናት አሏት። አጎቴ በቃሽ ሊለኝ፣ ሊያባብለኝ ተነሥቶ ነበር።

«ተቀመጥ» አለችው እናቴ። «ተዋት። ገና ዛሬ መስማቷ ነው።»